የጣታችን ውለታ፦ ሙቀት፣ ትኩረትና ከምስል የምናነባቸው ቁጥሮች

በማይክሮስኮፕ የደም ናሙና የሚያነብ የላቦራቶሪ ባለሙያን እጆች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንደኛው እጅ ስላይዱን ቀስ እያለ ያንሸራትታል፤ ሌላኛው ከረቂቅ ማስተካከያው መዘውር ላይ አይነሣም። ያ ጣት ለአፍታም አያርፍም፤ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ ይላል። ባለሙያውን ምክንያቱን ብንጠይቀው የናሙናውን ልዩ ልዩ ንብርብር ለማየት እንደሆነ ይነግረናል፤ እውነቱንም ነው። ይሁን እንጂ ጣቱ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ። ባለ 100 እጥፍ የዘይት ሌንስ በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የናሙና ውፍረት ከ1 ማይክሮን አይበልጥም። በሌንሱና በናሙናው መካከል ያለውን ርቀት ጠብቆ የሚይዘው የብረት አካል 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው ብንል፣ ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ይህ አካል 1.2 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። ማለዳ የተስተካከለው ምስል ረፋድ ላይ ባለበት የሚገኘው ጣት ስላለ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህች ጣት ይነሣል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩ በርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ዓይንንና ጣትን በካሜራና በኮምፒውተር የመተካት ጥናቶች ናቸው። ስላይድ የሚያነብ ሞዴል፣ የሰብል በሽታ የሚለይ ድሮን፣ በእርሻ መካከል ተተክሎ ለሳምንታት ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ፣ ሁሉም የሰውን እጅ ከመሣሪያው ላይ ያነሣሉ። እጁ ሲነሣ ውለታውም አብሮ ይነሣል። እኛ ግን የሚበዛውን ጊዜ ይህን ሒሳብ ሳናወራርድ ወደ ሞዴሉ ትክክለኛነት መቶኛ እንሻገራለን። ይህ ልማድ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለማረም ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከመቀጠሌ በፊት የቃል ጉዳይ። «ትኩረት» የምለው በተለምዶ ፎከስ የምንለውን ነው፤ ከአንድ ነጥብ የተነሡ ጨረሮች ተመልሰው በአንድ ነጥብ መገናኘታቸውንና ያ ነጥብ በምስል መቀበያው ላይ በትክክል ማረፉን ነው።

ሁለት ተጠያቂዎች

ሙቀት ትኩረትን የሚያዛባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሁሉም የሚገምተው ነው፤ ሌንሱንና መቀበያውን አራርቆ የያዘው ቱቦ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ሌንሱ ራሱ ሌላ ሌንስ ይሆናል። ቅርጹ ሲሰፋ ጉብጠቱ ይላላል፤ የቁሱ የስብረት ኢንዴክስም ከሙቀት ጋር ይለወጣል። የትኩረት ርቀቱ በአንድ ዲግሪ የሚለወጥበትን ምጣኔ ለማግኘት፣ ከቁሱ የመስፋፋት መጠን ላይ፣ የኢንዴክሱን ለውጥ ኢንዴክሱ ሲቀነስ አንድ በሚለው ቁጥር አካፍለን የምናገኘውን እንቀንሳለን። ቀላል ስሌት ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ፊዚክስ የሌንስ ሠሪን ቀመር የተማረ ሁሉ በአንድ ገጽ ያወጣዋል።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ያስገርማል። በሚታየው ብርሃን በብዛት የሚሠራበትን ቢኬ7 የተባለውን የኦፕቲክስ ብርጭቆ እንውሰድ። በዲግሪ በሚሊዮን 7.1 ይሰፋል፤ የኢንዴክሱ ለውጥ ሲካፈል ደግሞ ወደ 5.8 ይመጣል። ሁለቱ ተጣጥተው የሚቀረው በሚሊዮን 1.3 ያህል ብቻ ነው። የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የዚህ ብርጭቆ ሌንስ በ20 ዲግሪ ልዩነት ትኩረቱ የሚነቃነቀው 3 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ያንኑ ሌንስ የተሸከመው የአሉሚኒየም ቱቦ ግን በዚያው 20 ዲግሪ 47 ማይክሮን ይረዝማል። የኤፍ ቁጥሩ 4 ቢሆን መታገሥ የሚችለው ወደፊትና ወደኋላ 18 ማይክሮን ያህል ነው። እንግዲህ በሚታየው ብርሃን ዓለም ሌንሱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የቱቦው ነው።

ወደ ኢንፍራሬድ ስንሻገር ፍርዱ ይገለበጣል። የሙቀት ካሜራ ሌንሶች በአብዛኛው ከጀርማኒየም ይሠራሉ። የጀርማኒየም ኢንዴክስ 4 ያህል ነው፤ ይህም ለንድፍ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ኢንዴክሱ በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 400 ገደማ ይለወጣል። ለ3 ሲካፈልና የራሱ መስፋፋት ሲጣጣ የትኩረት ርቀቱ በዲግሪ በሚሊዮን 126 ያህል ያጥራል። በተመሳሳይ ጊዜ የአሉሚኒየሙ ቱቦ በሚሊዮን 24 ያህል ይረዝማል። አንዱ ሲያጥር ሌላው ስለሚረዝም ስሕተቶቹ አይጣጡም፤ ይደመራሉ፤ 150 ይሆናሉ። ከቢኬ7 ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የፕላስቲክ ሌንስም ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ አክሪሊክ በዲግሪ በሚሊዮን 300 ያህል የትኩረት ርቀቱን ያረዝማል። ርካሽ የስልክ ማይክሮስኮፕ በእጁ የሠራ ተማሪ ይህን ቁጥር ቢያስታውስ መልካም ነው፤ የሚያድነው የሌንሱ ትንሽነት ብቻ ነው።

የበቆሎው ቅጠል

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ከመጽሐፍ ብማረው ይሻለኝ ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ በሙቀት ካሜራ የበቆሎን የውኃ ጥም መለካት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ውኃ ያገኘ ተክል በቅጠሉ ውኃ ስለሚያተንን ይቀዘቅዛል፤ የተጠማ ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ይሞቃል። ስለዚህ ፀሐይ ከረር በምትልበት ቀትር ላይ የቅጠሉ ሙቀት የጥሙ ምስክር ይሆናል።

የተጠቀምኩበት ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው፣ የኤፍ ቁጥሩ 1 የሆነ የጀርማኒየም ሌንስ ነው። ትኩረቱን በላቦራቶሪ፣ በ22 ዲግሪ፣ በጥንቃቄ አስተካክዬ መቆለፊያውን አጠበቅሁ። መቆለፌ ራሱ የጥንቃቄ ምልክት መስሎኝ ነበር። በማሳው ላይ በቀትር የካሜራው አካል 38 ዲግሪ ይደርሳል። ሒሳቡ ከላይ ባለው ቁጥር ሲሠራ በዲግሪ 7.5 ማይክሮን፣ በ16 ዲግሪ ልዩነት 120 ማይክሮን ነው። ለ10 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት ይህ ሌንስ የሚታገሠው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 20 ማይክሮን ነው። ይህም ማለት ሌንሱ ከተስተካከለበት ሙቀት 3 ዲግሪ እንኳ ሳይርቅ ከትኩረት ይወጣል፤ በማሳው ላይ ደግሞ ከሚፈቀድለት 6 እጥፍ ርቆ ነበር።

ምስሉ ግን መጥፎ አይመስልም ነበር፤ የችግሩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የሙቀት ምስል በባሕርዩ ለስለስ ያለ ነው፤ ዓይናችን ጥራቱን የሚመዝንበት የለመደው መስፈርት የለውም። በሐሰተኛ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጭራሽ ያምራል። እኔም ለሦስት ሳምንታት የሰበሰብኩት ምስል እንዳማረ ቀጠለ። ውኃ በሚገባ የጠጡት መደቦች ሳይቀሩ የተጠሙ ሆነው ወጡ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መስኖውን ነበር፤ ቀጥሎ የቅጠሉን የጨረር ልቀት መጠን፤ ቀጥሎ የአየሩን እርጥበት። አማካሪዬ ወረቀቶቹን ገልጠው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ካሜራው ስንት ዲግሪ ላይ ሳለ ነው ትኩረቱ የተስተካከለው?» መልስ አልነበረኝም። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የአየሩ ሙቀት፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ ሰዓቱ፣ የሰማዩ ሁኔታ ሁሉ ተመዝግቦ ነበር፤ የካሜራው ሙቀት ግን የለም።

ነገሩ ሲተነተን እንዲህ ነው። የ120 ማይክሮን መዛባት በኤፍ ቁጥር 1 ላይ 120 ማይክሮን ስፋት ያለው ብዥታ ይፈጥራል። የመቀበያው አንድ ፒክስል 17 ማይክሮን ስለሆነ ብዥታው 7 ፒክስል ይሸፍናል። በ30 ሜትር ርቀት አንድ ፒክስል የሚያየው የመሬት ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ነጥብ ሙቀት በ7 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ካለው ሁሉ ጋር ይቀላቀላል። የበቆሎ ቅጠል ስፋት ስንት ነው? ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ደግሞ ቀትር ላይ የጋለ ደረቅ አፈር ነው። ቅጠሉ 28 ዲግሪ፣ አፈሩ 45 ዲግሪ ነው እንበል፤ ቅጠል ነው ብለን ከምናነበው ምልክት 30 በመቶው ከአፈሩ የመጣ ቢሆን ንባቡ ወደ 33 ዲግሪ ይወጣል። የ5 ዲግሪ ስሕተት በዚህ ሙያ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም፤ ያልተጠማውን ማሳ ተጠምቷል ያሰኛል። ምክራችንን የሚሰማ ገበሬ ቢኖር ኖሮ ውኃውን በማይገባው ቦታ ባፈሰሰ ነበር።

ከዚህ የተማርኩት የሌንስ ጠባይን ብቻ አይደለም። ከትኩረት መውጣት የምስል ውበት ጉድለት ነው ብለን እንድንመድበው ተደርገናል፤ ምስል ቁጥር በሚሆንበት ጥናት ግን የልኬት አድልዎ ነው። ደግሞም በዘፈቀደ የሚመጣ ስሕተት አይደለም፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ነው። ናሙና በማብዛት አይጠፋም። ሺሕ ምስል ብሰበስብ ሺሑም በአንድ ድምፅ ይዋሻሉ።

«አገራችን ለዘብተኛ አየር ያላት ናት»

ይህን ጉዳይ በውይይት ላይ ሳነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ፣ ይህ የበረሃና የዋልታ አገሮች ችግር ነው፤ የእኛ ደጋ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ ነው የሚል ነው። የዓመቱ አማካይ ለዘብተኛ መሆኑ እውነት ነው። መሣሪያ ግን በዓመታዊ አማካይ ውስጥ አይኖርም። በከፍታ ቦታ በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሕዝብ የማለዳውን ብርድ ሳያውቅ አልተናገረም። በወቅቶች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በአንድ ቀን ማለዳና ቀትር መካከል ያለው ልዩነት የሚበልጥበት አገር ላይ ነን። ይህ ለኦፕቲክስ የከፋው ዓይነት ነው፤ መሣሪያውን በክረምት አንዴ፣ በበጋ አንዴ በማስተካከል አይታለፍምና።

ከዚያም በላይ መሣሪያው የሚሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ አይደለም። ፀሐይ የመታው ጥቁር የብረት አካል ከአየሩ ብዙ ዲግሪ ይልቃል። ከመንገድ ሥራ ቀያሾቻችን መካከል በሌቭሉ ላይ ጃንጥላ የሚያስይዙ አሉ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለመሣሪያው። ይህን ሳይ በልጅነቴ ለባለሥልጣን የተያዘ ጃንጥላ ይመስለኝ ነበር። አሁን በዚያች ጃንጥላ ውስጥ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የዘዴ ምዕራፍ የሚበልጥ ጥበብ እንዳለ አምናለሁ።

ከቀደሙት ምን እንማር?

የሙያው ታሪክ በትልልቅ ስሞች የተሞላ ቢሆንም ትምህርቱ ለትንሽ ላቦራቶሪም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ጆርጅ ኤለሪ ሄልና ዋልተር አዳምስ በ100 ኢንቹ አዲስ ቴሌስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ጁፒተርን ሲመለከቱ ያዩት አንድ ፕላኔት ሳይሆን እርስ በርሱ የተደራረበ ስድስት ሰባት ምስል ነበር። የዓመታት ድካም ከንቱ የቀረ መሰላቸው። ምክንያቱ ሠራተኞች ቀን ላይ የጉልላቱን በር ከፍተው በመተዋቸው ፀሐይ መስተዋቱን ማሞቋ ነበር። ሰዓታት ጠብቀው ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ተመልሰው ቬጋ የተባለችውን ኮከብ ሲያዩ ጥርት ያለች ነጥብ ሆና አገኟት። መስተዋቱ እንደ ተራ የመስኮት ብርጭቆ በሙቀት የሚሰፋ ነበር። ለፓሎማር ባለ 200 ኢንች ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1934 የተጣለው መስተዋት ከፓይሬክስ የሆነው፣ መስፋፋቱ የተራውን ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል በመሆኑ ነው። ቀጥሎም በ1960ዎቹ መጨረሻ ዜሮዱር የተባለው፣ በክፍል ሙቀት አካባቢ መስፋፋቱ ዜሮ ሊባል የሚችል ብርጭቆ-ሴራሚክ መጣ።

የማይሰፋ ቁስ መፈለግ አንደኛው መንገድ ነው። በብረቶችም በኩል ሻርል ኤድዋር ጊዮም እ.ኤ.አ. በ1896 ያገኘው ኢንቫር የተባለው የብረትና የኒኬል ቅይጥ አለ፤ ጊዮም በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። ይህ መንገድ ውድ ነው፤ ኢንቫርም ከባድ ነው፣ ለመቁረጥ ያስቸግራል፣ በዓመታት ሂደት ውስጥም ርዝመቱ በጥቂቱ ይለወጣል።

ሁለተኛው መንገድ እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ሁሉንም ነገር ከአንድ ቁስ መሥራት። መስተዋቱም፣ ቱቦውም፣ ድጋፉም ከአንድ ብረት ከሆኑ፣ ሙቀቱ ሲለወጥ ቴሌስኮፑ በሙሉ በአንድ ምጣኔ ያንሳል ወይም ይተልቃል፤ ትኩረቱ ባለበት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጠቀው የስፒትዘር ቴሌስኮፕ በቤሪሊየም፣ በ2009 የመጠቀው የሄርሼል ባለ 3.5 ሜትር ቴሌስኮፕ በሲሊከን ካርባይድ ይህን መርህ ተከትለዋል። መርሁ ግን ለሀብታም ብቻ አይደለም፤ አሉሚኒየም ቱቦ ላይ አሉሚኒየም መስተዋት የሚገጥም ተማሪም በዚያው ሕግ ይጠበቃል። ሙቀቱ በሁሉም ክፍል እኩል እስከ ተዳረሰ ድረስ ማለቴ ነው፤ ወደዚህ «እስከ» ኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው አንዱን ክፉ በሌላው ክፉ ማስታረቅ ነው። የሰዓት ሠሪው ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የናስና የብረት ዘንጎችን አፈራርቆ ርዝመቱ የማይለወጥ ፔንዱለም ሠርቷል። የሌንስ ቱቦም እንዲሁ ይሠራል፤ አንዱ ቱቦ ወደፊት ሲረዝም በውስጡ ያለው ሌላ ቁስ ወደኋላ ይረዝማል፤ ልዩነታቸው ሌንሱ የሚፈልገውን መነቃነቅ ይሰጣል። በእኔ ሌንስ ላይ ይህን አስልቼ ነበር። በዲግሪ በሚሊዮን 120 የሚሰፋ ፕላስቲክ ብጠቀም 78 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ያስፈልገኛል፤ ከሌንሱ የትኩረት ርቀት ይበልጣል። ይቻላል፤ ግን ያስቃል። በዚህ ጊዜ ነው ከጀርማኒየም ይልቅ ካልኮጅናይድ የተባሉትን የኢንፍራሬድ ብርጭቆዎች መመልከት የሚበጀው፤ የኢንዴክሳቸው ለውጥ ከጀርማኒየም በብዙ እጅ ያነሰ ስለሆነ ለማስታረቅ የሚቀረው ሸክም ትንሽ ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ግን ነው ይህ መታሰብ ያለበት፤ እኔ እንዳደረግሁት ከተገዛ በኋላ አይደለም።

ሞተር ይበቃል የሚሉ

ለዚህ ሁሉ ድካም ምን አደከመን፣ ርካሽ ሞተር ገጥመን ካሜራው ራሱ ትኩረቱን ይፈልግ የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ በብዙ ቦታም ትክክል ነው። አንድ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ እናስብ። በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች በመጠን እንዲህ ናቸው፤ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ግን የእነርሱ ሳይሆኑ ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው። የሁለቱ መስተዋቶች ርቀት 1.5 ሜትር፣ ድጋፉ ብረት፣ የመጨረሻው የኤፍ ቁጥር 8፣ ሁለተኛው መስተዋት የትኩረት ርቀቱን 4 እጥፍ የሚያሳድግ ይሁን። ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት በ5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ድጋፉ በ90 ማይክሮን ያጥራል። ይህ ግን በመጨረሻው ትኩረት ላይ 17 ጊዜ ተባዝቶ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ኮከቡ ወደ 5 የአርክ ሴኮንድ ይሰፋል፤ በጥሩ ሌሊት ከባቢ አየሩ ከሚያደርሰው ብዥታ በብዙ ይልቃል። እዚህ ሞተር የግድ ነው። ዒላማው ብሩህ ነጥብ ነው፣ ኤሌክትሪክ አለ፣ ተመልካች አለ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ማስተካከል ይቻላል። ሀብል እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ የግራፋይትና ኢፖክሲ አካሉ በሕዋ ውስጥ እርጥበቱን እየለቀቀ ለዓመታት በመኮማተሩ ሁለተኛው መስተዋት በየጊዜው በትእዛዝ መነቃነቅ ነበረበት።

በማሳ ላይ ለብቻው የተተወ ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ራስ ሰር ማስተካከያ የሚሠራው በምስሉ ውስጥ ካለ የብርሃን ልዩነት ተነሥቶ ነው። በሙቀት ምስል ውስጥ በማለዳና በምሽት ቅጠሉና አፈሩ እኩል ሙቀት የሚደርሱበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት ልዩነቱ ስለሚጠፋ ሞተሩ የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል። ሌንሱ በተነቃነቀ ቁጥርም የምስሉ መጠን በጥቂቱ ይለወጣል፤ የትናንቱን ፒክስል ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ይከብዳል። አቧራው፣ የባትሪው ፍጆታ፣ በሳምንት አንዴ እንኳ የሚጎበኘው ሰው አለመኖሩ ሲጨመርበት፣ የሚነቃነቅ ነገር በሌለበት መሣሪያ ላይ እተማመናለሁ።

ሌላው መልስ የኮምፒውተር ተማሪ ወዳጆቼ የሚሰጡኝ ነው፤ ብዥታውን በሞዴል እናጠራለን ይላሉ። ለፎቶ ውበት ይሆናል። ብዥታ ከምስሉ ረቂቅ ዝርዝሮች የተወሰኑትን ያደክማል፣ የተወሰኑትን ጨርሶ ያጠፋል፤ የጠፋውን ሞዴሉ የሚመልሰው ከሌላ ሥፍራ ባየው አምሳያ እየገመተ ነው። የቅጠሉን ጠርዝ መልሶ ይስልልኝ ይሆናል። የቅጠሉን ሙቀት ግን ከየት ያመጣዋል?

የምጠይቀው

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከምስል የተገኘ ቁጥር የሚያቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ በዘዴው ምዕራፍ ሁለት ነገር ይጻፍበት፤ ትኩረቱ የተስተካከለበት የመሣሪያው ሙቀት እና መሣሪያው የሠራበት የሙቀት ወሰን። የመሣሪያው እንጂ የአየሩ አይደለም። ገምጋሚዎችም ይህን ካላገኙ ይጠይቁ። አማካሪዬ ያን ዕለት የጠየቁኝ ጥያቄ በጥናቱ ዕቅድ ግምገማ ቀን ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ባተረፍኩ ነበር።

እኛ መሣሪያ ተጠቃሚዎች እንጂ ነዳፊዎች አይደለንም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነዳፊ መሆን ግን አያስፈልግም፤ መፈተን ይበቃል፤ ለመፈተንም የአካባቢ ሙቀት መቆጣጠሪያ ክፍል እስኪገዛልን መጠበቅ የለብንም። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ 4 ዲግሪ የሚይዝ ማቀዝቀዣና 37 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር አሉ። ካሜራው በየተራ ሁለት ሁለት ሰዓት ይቀመጥባቸዋል፤ ወጥቶ ወዲያው፣ ሌንሱ ሳይለወጥ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ዒላማ ይነሣበታል። ለሙቀት ካሜራ ዒላማው ጥቁር የተቀባ ሞቅ ያለ ብረት ላይ የተለጠፈ አሉሚኒየም ፎይል ሊሆን ይችላል። በኢንኩቤተሩ የመስታወት በር በኩል ማንሣት አይቻልም፤ ብርጭቆ ለ10 ማይክሮን ጨረር ግድግዳ ነው። ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ደግሞ ጤዛ አለ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ሌንሱን በጤዛ አልብሼ አንድ ከሰዓት አባክኛለሁ፤ ካሜራውን ከመግባቱ በፊት እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ባለበት ላስቲክ ውስጥ አጥብቆ ማሰርና በሚወጣበት ጊዜ የሌንሱን ፊት ብቻ በስስ ፖሊኢትሊን እንደተሸፈነ መተው ይረዳል፤ ስስ ፖሊኢትሊን ይህን ጨረር በአብዛኛው ያሳልፋል። በሦስት ሙቀቶች የጠርዙን ስፋት ለክቶ በአንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእኔ ውጤት ከስሌቱ ብዙ አልራቀም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በማሳው ላይ የወሰድኩት መፍትሔ የነዳፊ መፍትሔ አልነበረም። ትኩረቱን በላቦራቶሪ ሳይሆን በማሳው ላይ፣ በቀትር፣ ካሜራው 36 ዲግሪ ሳለ አስተካከልኩት፤ ምክንያቱም ልኬቱ የሚያስፈልገኝ በቀትር ነው፤ ማለዳ ቢበዥም ለጥናቴ አይጎዳኝም። በሌንሱ አካል ላይ አነስተኛ የሙቀት መለኪያ ለጥፌ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር አስመዘገብኩ፤ ከ33 እስከ 39 ዲግሪ ውጭ የተነሡትን ምስሎች ከትንተናው አወጣሁ። ከላይ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት። ውኃ የጠጡት መደቦች አሁን ከተጠሙት ተለይተው ይታያሉ።

ያ «እስከ» ያልኩት ግን ገና አልተፈታም። ስሌቶቹ ሁሉ መሣሪያው በሁሉም ክፍሉ አንድ ሙቀት እንዳለው ይገምታሉ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የቆርቆሮው ጥላ የካሜራውን ግራ ጎን ይገልጠዋል፤ በዚያ ሰዓት የምስሉ ግራ ጠርዝ ከቀኙ በተለየ ሁኔታ ይበዣል፤ የለጠፍኩት አንድ መለኪያም ስለዚህ ምንም አይነግረኝም። ለአሁኑ ከ8 ሰዓት በኋላ የተነሡትን ምስሎች አልጠቀምም። ሁለተኛ መለኪያ በሌላው ጎን ለጥፌያለሁ፤ ጥላውንም በአንድ ክንድ አስረዝሜዋለሁ።